ሌላ ስም ካለዎት ይጻፉ

በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ታስሬአለሁ። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ነው፤ ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ሁለተኛው ቶሮንቶ ነው፤ መስኮቱ ሰፊና ንጹሕ ሆኖ አይከፈትም። በመስኮቱ የመኪና ማቆሚያና ቅጠሉ የረገፈ አንድ ዛፍ ይታያል። በሩን የከፈተችልኝ ጠባቂ «ዌልካም» አለችኝ። ከአፏ አምልጧት ነው መሰለኝ፣ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

ክፍሉ አራት አልጋ ነበረው። የልብስ ሳሙናና የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ይሸታል። እንዲህ ያለውን ክፍል አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። አውሮፓ ሁለት ዓመት ተቀምጬ የስደተኞችና የፍልሰት ሕግ አጥንቻለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ጥገኝነት ጠያቂዎችን ስለማሰር ነበር። ሕጉን ያስተማሩን እንደ ፎቅ ቤት አድርገው ነው። ከላይ ዓለም አቀፉ ስምምነት፣ መካከል ላይ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያዎች፣ ከታች የየአገሩ ሕግ። «እስራት የመጨረሻ አማራጭ ነው» የሚለውን በሦስቱም ላይ አግኝቼ በቀይ አስምሬበታለሁ። ሰው የሚታሰረው ምድር ቤቱ ውስጥ መሆኑን ግን አንድም መምህር አልነገረኝም።

ትምህርቴን ጨርሼ አገሬ ተመለስኩ፤ ማስተማር ጀመርኩ፤ ስለ ተፈናቃዮች አንድ ጽሑፍ አወጣሁና ታሰርኩ። ሦስት ወር። ስፈታ ቶሮንቶ ለሚደረግ ጉባኤ የተሰጠኝ ቪዛ ጊዜው አላለፈም ነበርና መጣሁ። እንደደረስኩ አየር ማረፊያው ላይ ጥገኝነት ጠየቅሁ። መኮንኑ ወረቀቶቼን ደጋግሞ አገላበጠ።

«አውሮፓ የስደተኛ ሕግ ተምረሽ፣ እዚያው ጥገኝነት ሳትጠይቂ ለምን ወጣሽ?»

«ያኔ ስደተኛ አልነበርኩም» አልኩት።

መልሱ ትክክል ነበር። ሆኖም «ለቀጠሮዋ ላትቀርብ ትችላለች» ብሎ ጻፈብኝ። ጠበቃ ይመደብልሽ ወይ ሲሉኝ አልፈልግም አልኩ። ኩሩ ነበርኩ፤ አሁንም ትንሽ አለብኝ።

ከእኔ ትይዩ ባለው አልጋ አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ እላቸው ነበር። ስድሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። የገባነው በአንድ ቀን ነው። መንደራቸው ውጊያ ሲገባ ቤታቸውም መታወቂያቸውም ተቃጥሏል። አንዲት ልጃቸው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ትኖራለች። እሷ ጋ ለመድረስ በሌላ ሴት ፓስፖርት ተሳፈሩ፤ ከአውሮፕላኑ እንደወረዱ ግን «ይኼ የኔ አይደለም» ብለው ለመኮንኑ አስረከቡት። «በሰማይ የዋሸሁት ይበቃል ብዬ ነው» ይሉ ነበር። መኮንኑም ማንነታቸው እስኪረጋገጥ ይቆዩ አለ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚቀርብላቸውን የተቀቀለ እንቁላል ወደ እኔ ይገፉታል።

«ብዪ አንቺ። ሕግ የተማረ ሰው ጾም አያውቅም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ኧረ እማማ፣ እኔም እጾም ነበር።»

«ነበር ትላለች፣ የኔ ጠበቃ።»

ጠበቃቸው አልነበርኩም። መንግሥት የመደበላቸው ጠበቃ አለች፤ በስልክ አሥር ደቂቃ አነጋግራቸዋለች። እኔ ግን ሰው ከማጽናናት ማስተማር ይቀለኛልና ጉዳዩን በራሴ ሥልጣን ያዝኩት። እዚያ እስር በየጊዜው በዳኛ ይታያል፤ መጀመሪያ በሁለት ቀን፣ ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ በየሠላሳ ቀኑ። የሁለት ቀኑ አልፎን ነበር። የሳምንቱ ካለፈን ሠላሳ ቀን ነው። እማማ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ማበጥ ጀምሯል። ምንም አይሉም፤ ጠዋት ጫማው እምቢ ሲላቸው ግን አያለሁ።

ልጃቸውን በግድግዳው ስልክ አነጋገርኳት።

«ከተወለዱበት ደብር የጥምቀት ምስክር ወረቀት አስልኪ» አልኳት። «ደብሩ ተርፎ የለ? የተቋም ሰነድ ነው። ማኅተም ይኑረው።»

«ኦኬ፣ ዛሬውኑ ኮል አደርግላቸዋለሁ። ሌተሩን ፎቶ አንስተው ቴክስት ያደርጉልኛል፣ እኔ ደግሞ ለሎየሯ ፎርዋርድ አደርገዋለሁ። አመሰግናለሁ እህቴ፣ ሲሪየስሊ።»

ወረቀቱ በማግሥቱ ደረሰ። ማኅተም አለው ተባለ። እኔም ተወጣሁት ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ጉዳዩ የሚታየው በትንሽ ክፍል ውስጥ በስክሪን ነው። መጀመሪያ እማማ ከጠበቃቸው ጋር ገቡ፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠበቃቸው ብቻዋን ወጣች። ጉንፋን የያዛት ወጣት ናት፤ ወረቀቱን በእጇ ይዛለች።

«ይህን ያስመጣሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ላዩ ላይ ያለው ስም የእርሳቸው አይደለም።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። የደብሩ ጸሐፊ ደብር እንደሚጽፈው ነው የጻፈው፤ በጥምቀት የወጣላቸውን ስም፣ የአባታቸውንም የጥምቀት ስም። እግዚአብሔር የሚያውቃቸውን ስም ጽፎ ቀበሌ የሚያውቃቸውን ትቶታል። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

እኛ ኦርቶዶክሶች ሁለት ስም አለን። አንዱን እናት አባት ያወጡታል፤ ትምህርት ቤትም መሥሪያ ቤትም የሚያውቀው እሱን ነው። ሌላውን ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ ይሰጣታል፤ ለጸሎት፣ ለቁርባን፣ በመጨረሻም ለፍታት ነው። ያንን ስም ለማንም አትናገሪ ትለኝ ነበር እናቴ፤ መተት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው ተብሎ ይታመናል። ይህን ለመናገር የሕግ ትምህርት አያስፈልግም። ሦስት ፎቅ ሕግ ስወጣና ስወርድ ጎረቤት ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ረስቻት ነው።

«ልጃቸው በስልክ ልታስረዳ ሞክራ ነበር» አለች ጠበቃዋ። «የመንግሥት ተወካዩ ግን ሦስት ስም ሆነብን አለ፤ አንዱ ፓስፖርቱ ላይ፣ አንዱ በአፋቸው፣ አንዱ ደብዳቤው ላይ። ዳኛዋ ከቤተሰብ ውጭ የሚያስረዳ ሰው ካለ አሥር ደቂቃ ሰጥታናለች።»

«አስተርጓሚው አያስረዳም?»

«አስተርጓሚ ይተረጉማል እንጂ አይመሰክርም።»

«እንግዲያው እኔ አለሁ።»

ወዲያው አልተቀበለችኝም። በመሐረም አፍንጫዋን ጠራርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«የጥገኝነት ፎርምሽ ላይ ‹ሌላ ስም ካለዎት ይጻፉ› የሚል ጥያቄ አለ። ምን ብለሽ ሞላሽው?»

«የለም ብዬ።»

«የአንቺም ጉዳይ ዛሬ ነው፤ ተወካዩም ያው ሰው ነው። ከመወሰንሽ በፊት ጠበቃሽን አማክሪ።»

«ጠበቃ የለኝም። የሕግ ባለሙያ ነኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ያሳፈረኝ የለም።

ከአሥሩ ደቂቃ ስድስት ያህል ቀርቶ ነበር። የሚመጣውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ጽፌበታለሁ። የስደተኛ ጉዳይ የሚቆመው በቃሉ ታማኝነት ላይ ነው። አንዲት ሐሰተኛ መስመር ከተገኘች ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል፤ የሦስት ወር እስሬም፣ በእጄ አንጓ ላይ ያለው ጠባሳም ጭምር። አዲስ አበባ መርማሪው ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። ጽሑፍ የምታወጪበትን ሌላ ስምሽን ንገሪን ይለኝ ነበር። የለኝም እለው ነበር፤ እውነቴን ነው። ፎርሙን ስሞላም እጄ ያንኑ መልስ ነው የጻፈው።

ፈራሁ። እማማ ሠላሳ ቀን ቢቆዩ አይሞቱም ብዬ አሰብኩ። አሰብኩት፤ አልደብቀውም። ከዚያ በበሩ መስተዋት ውስጥ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አየኋቸው። የጫማቸውን ተረከዝ ጨፍልቀው እንደ ነጠላ ጫማ ረግጠውታል።

ተነሥቼ ገባሁ።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ፊት ነበር፤ ዳኛዋ፣ የመንግሥት ተወካዩና አስተርጓሚው። አስተርጓሚው ጠና ያለ ሰው ነው፤ ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ ጥቁር ማተቡ ብቅ ብሏል። ሁሉንም ያውቃል፤ መናገር ግን አይፈቀድለትም። እኔ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ፤ እሱ ለእማማ በአማርኛ ይመልስላቸዋል። አንድም አንቀጽ አልጠቀስኩም። ልጅ ሲጠመቅ የሚደረገውን እንዳለ ነገርኳቸው። ስጨርስ ተወካዩ ጥያቄ ጀመረ።

«አንቺም እንዲህ ያለ ስም አለሽ?»

«አለኝ።»

«ፎርምሽ ላይ ጽፈሽዋል?»

«አልጻፍኩትም።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«የለም ብዬ።»

«ስለዚህ መልስሽ ትክክል አልነበረም።»

«ትክክል አልነበረም» አልኩ። «ሌላ ስም ሲባል ሰው የሚደበቅበት ስም ይመስለኝ ነበር። አገሬ ታስሬ ሲጠይቁኝም እንዲሁ ነው የመለስኩት።»

ዳኛዋ ጽፋ እስክትጨርስ ጠበቅን። ከዚያ ቀና አለች።

«ስሙን ልትነግሪን ፈቃደኛ ነሽ?»

እማማ አንገታቸውን አቀረቀሩ። የእኔን ምስጢር አፍጥጠው ላለመስማት ያደረጉት ነው። ነገርኳቸው። ዳኛዋ መጻፍ ሲያቅታት አስተርጓሚው ሳይጠየቅ ፊደል በፊደል ቆጠረላት። የዚያን ቀን ከደንቡ የወጣው ያን ያህል ብቻ ነው።

እማማ ልጃቸው ዘንድ ሆነው በየሳምንቱ ሪፖርት እንዲያደርጉ ተፈቱ። የእኔ ከእርሳቸው ቀጥሎ ታየ። ተወካዩ ያቺን መስመር አንሥቶ ሁለት ጊዜ አነበባት። ዳኛዋ ውሳኔዋን በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ ትሕትናዋ አልጠቀመኝም። ሠላሳ ቀን።

ክፍላችን ስመለስ እማማ ዕቃቸውን በፌስታል ሸክፈዋል። ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው የእኔንም አጥፈውታል። የጠዋቷን እንቁላል በናፕኪን ጠቅልለው ትራሴ ላይ አስቀምጠዋታል። ጠባቂዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ስንት አሉሽ?»

«ሠላሳ ቀን፣ እማማ።»

ይህን ስል እንባዬ መጣ። አዲስ አበባ ሦስት ወር አላለቀስኩም ነበር።

«አይዞሽ» አላሉኝም። ቀረብ ብለው በዚያ ስም ጠሩኝ። ከቁርባን ቀን በስተቀር በዚያ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም።

«በየቀኑ በጸሎቴ በዚህ ነው የማነሣሽ» አሉኝ። «ለሌላ ምን ይሠራል ብለሽ ነው?»

ጠባቂዋ የአያቴን ስም ጠርታ ከበሩ ዘወር በይ አለችኝ፤ እዚያ ሁሉም በአያቴ ስም ነው የሚጠሩኝ። ዘወር አልኩ። እማማ በተጨፈለቀው ጫማቸው እየተጎተቱ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ እስክሪብቶና የፎርም ማረሚያ ወረቀት ጠየቅሁ። ማንም አላዘዘኝም። «የለም» ያልኩበትን ሰርዤ ስሜን መጀመሪያ በራሴ ፊደል፣ ቀጥሎ በእነሱ ፊደል ጻፍኩት። ከታች ፈረምኩ። ከዚያ ጠበቃ እንዲመደብልኝ ጠየቅሁ። እንቁላሏን በላኋት፤ ርቦኝ ነበር።

በሠላሳኛው ቀን ተፈታሁ። ጥገኝነቱም ከዓመት በላይ ፈጅቶ ተፈቀደልኝ። አሁን ዌስተን የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ነው የምኖረው፤ የዚህን አገር የጥብቅና ፈተና እያጠናሁ ነው፤ ሕጉን እንደገና ከምድር ቤት ጀምሬዋለሁ። እማማ አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ጾም ሲገባ ደግሞ «ዘንድሮስ?» ብለው ይስቁብኛል።

በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ትንሽ የሕግ አገልግሎት ቢሮ ውስጥ አዲስ የመጡ ሰዎችን ፎርም አስሞላለሁ። ያቺ ጥያቄ ላይ ስንደርስ የእኛ ሰው ሁሉ ፈጥኖ «የለም» ይላል። እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። የክርስትና ስምም ይቆጠራል እላቸዋለሁ። አንዳንዱ በሩ መዘጋቱን ዞሮ ያያል። አልቆጣም፤ አውቀዋለሁ።

እዚህ ጽሑፍ ላይ ያንን ስሜን አልጻፍኩትም፤ እናቴ በሕይወት አለች፣ ታነባለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ዝም ሲል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መጀመሪያ የራሴን እነግረዋለሁ።