ስንዝር የማትሞላዋ ሣር

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ኮልፌ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በአንድ የአበባ ችግኝ ጣቢያ ውኃ አጠጣ ነበር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን «የዕፅዋት ባለሙያ ነኝ» እል ነበር። ውሸቴን የሚያውቀው ባልዲዬ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አለቃዬ ለጌጥ የምትተከል፣ ስሟ ያልታወቀ ትንሽ ሣር በጣሳ ሰጡኝ። «ስታብብ መልኳን ጻፍ፤ በጻፍከው ስሟን ከዕፅዋት መጽሐፉ እንፈልጋለን። ከተገኘች ከባልዲ ወደ ጠረጴዛ ትዛወራለህ» አሉኝ።

ጣሳውን ደጃፌ ላይ አኑሬ ከራሴ ፀጉር አብልጬ ተንከባከብኳት፤ ያኔ ፀጉር ነበረኝ። አበበች። እኔ ሆዬ፣ እንደ መጻፍ ቁጭ ብዬ ሳደንቃት ሰነበትኩ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ስመለስ ጣሳው ተላጭቷል። አከራዬ እትዬ፣ ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተውባቸው ሳሎኑን ቄጤማ ጎዝጉዘዋል።

«እትዬ፣ ሣሬስ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ቄጤማው በሩ ጋ ሳሳብኝና ጨመርኳት። እፍኝ ለማትሞላ ሣር እንዲህ ትገረጣለህ?»

በሩ ጋ ደግሞ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም፤ ወጉ ነው። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«ምነው ልጄ፣ አንተም ፈልገሃታል እንዴ?» አሉ አንዱ።

«የለም አባባ፣ እግርዎን ትንሽ ቢያነሡልኝ…»

«ሽማግሌ እሺ ሳይባል ከቆመበት አይነቃነቅም!»

«እትዬ፣ በፈጠረዎት፣ እሺ ይበሏቸውና ይቀመጡ!»

«ለሣርህ ስል ልጄን ልዳር?» አሉ፤ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳምንቱን ሙሉ የሠርግ ቀሚስ ሲያማርጡ የከረሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «በሉ እሺ፤ ተቀመጡ!»

ሽማግሌው ጫማቸውን ሲያነሡ አንዲት አገዳ ከነአበባዋ ተገኘች፤ ተረግጣለች፣ አልሞተችም። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተንበረከክሁ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ፦ ቁመቷ ስንዝር አትሞላም፤ አገዳዋ ክር ያክላል፤ ከጫፏ ልብ የመሰሉ ጠፍጣፋ ዘለላዎች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል፤ ትንፋሽ ሲነካቸው እንኳ ይንቀጠቀጣሉ።

«የባለቤቴን ጉትቻ ይመስላሉ በል» አሉ ሽማግሌው ከላይ ሆነው። ጻፍኩ።

በማግስቱ አለቃዬ ጉትቻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «የማን ባለቤት ናት?» ቢሉም መጽሐፉን ገለጡ። ተንቀጥቃጭ ሣር ተብላ፣ ከነጉትቻዋ ተስላ ተገኘች። ጠረጴዛውን አገኘሁ።

ለሠርጉ ቄጤማ እንዳመጣ እትዬ አዘዙኝ። አመጣሁ፤ ሳልጎዘጉዝ ግን እያንዳንዷን አገዳ አገላብጬ አየሁ።

«ኧረ ሙሽራው ደጅ ቆሟል!» ብለው ጮኹብኝ።

«ይቁም እንጂ» አልኩ፤ «ሽማግሌዎቹስ ሣሬ ላይ ቆመው አልነበር?»