ተመሳሳይ መዝገብ ተያይዞ ይቅረብ

በደርግ ጊዜ አሰላ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ እንደ ጦር የምፈራው ትእዛዝ «ተመሳሳይ መዝገብ ተያይዞ ይቅረብ» የሚለው ነበር። ዳኛው በአንድ መስመር ጽፈው ይገላገላሉ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ አቧራ የምቅመው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ክሶች የሚመዘገቡበትን ትልቅ ባሕር መዝገብ አገላብጬ ቁጥር አወጣለሁ፤ ከዚያ በሲባጎ የታሰሩትን ፋይሎች እየፈታሁ ማንበብ ነው።

የዚያን ቀን ተከሳሽ የሳጉሬ ገበሬ ነበር፤ እህል ደብቀሃል ተብሎ የታሰረ። ሚስቱ ዋስ ይዛ መጥታለች። ዋሱ የባሏ አጎት ሲሆን፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃል። ዳኛው ሊፈቱት ፈልገዋል፣ ግን ፈርተዋል። ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? «እንዲህ ባለ ክስ ከዚህ በፊት በዋስ የተለቀቀ ሰው ካለ አምጪልኝ፤ እፈርማለሁ» አሉኝ።

አገኘሁ! አንዱ የጮሌ ወረዳ፣ ሌላው የዴራ ሰው፣ ሁለቱም በዋስ ተለቅቀዋል። ሚስትየዋን በበሩ ብቅ ብዬ «አይዞሽ» አልኳት።

ላያይዛቸው ጎን ለጎን ስዘረጋቸው ነው የመጨረሻ ገጾቻቸውን ያየሁት። የጮሌው ሰው በቀጠሮው አልቀረበም፤ ዋሱ ሲጠየቅ፣ በተለቀቀበት ዕለት የታጠቁ ሰዎች ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ወሰዱት ብሏል። መዝገቡ ተዘግቷል። የዴራውም ያው ነው፤ ያው በር፣ ያው መዘጋት። ለየብቻ ቢነበቡ ክፉ አጋጣሚ ይመስላሉ። አንድ ላይ ሳያቸው ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። በመስኮት ብመለከት በሩ ላይ አንድ ጂፕ ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም።

ዳኛው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይተው «ይኸው ተፈቅዷል!» ብለው ብዕራቸውን አነሡ።

«ጌታዬ፣ መጨረሻውን ይመልከቱት» አልኩ።

አነበቡ። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ሕጉ ዋስ ካላት ይለቀቅ ነው የሚለው» አሉ። ደገሙት፤ «ዋስ ካላት።»

ወጥቼ ለሴትዮዋ ያነበብኩትን ሁሉ በኦሮምኛ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «እስር ቤት ከቆየስ አይነኩትም?» አለችኝ። እዚያ ቢያንስ ስሙ ተመዝግቧል፣ ጠያቂም አለው ከማለት ሌላ ምን ልበላት?

ችሎት ላይ ዳኛው «ዋስ አለሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት።

«የለኝም፣ ጌታዬ። አጣሁ።»

አጎትየው ከኋላዋ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ባሏ ግን አጎቱን አይቶት ነበርና «ይሄ ማን ነው ታዲያ?» ብሎ ጮኸ። ዳኛው «ዋስ የለም» ብለው ጻፉ። ፖሊሶቹ ወደ እስር ቤት ሲመልሱት ፊቱን አዞረባት።

ከዚያ በኋላ የምታመላልስለትን ስንቅ፣ ከስድብ ጋር ይመልስባት ጀመር። አንድ የገበያ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼ «እንዴት ነው?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣» አለች ያልተነካውን ምግብ እያሳየችኝ፤ «ዛሬም ሰድቦኛል።»