«ተቀበይ» ብለው የካዱኝ ሰውዬ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ በሰርግ ወቅት ነው። ወራት አልፈውታል፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አብሮኝ ያድራል፣ አብሮኝ ይነሳል። ሰው «እርሺው» ሲለኝ ጭራሽ ይብስብኛል። ለምን እኔ እረሳለሁ? የበደሉኝ ሰውዬ እንደሆነ በሰላም ይተኛሉ።

የባህል ዘፋኝ ነኝ። በወጣትነቴ ኮተቤ መምህርነት ተምሬ ጥቂት ጊዜ አስተምሬ ነበር። ልቤ ግን ከጠመኔው ይልቅ ወደ ዘፈኑ አደላ። እናቴ «ልጄን አዝማሪ ወሰደብኝ» እያለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማት በሯን ዘግታ ስታለቅስ ከርማለች። እኔ ግን በሰርግ፣ በመልስ፣ በምርቃት፣ መገናኛ አካባቢ ባሉ የባህል ቤቶች እየዘፈንኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ማሲንቆውን የሚመታልኝ ታደገ ይባላል፤ ከጀመርን ጀምሮ ተለያይተን አናውቅም። አልበም አላወጣሁም፣ ቴሌቪዥን ላይም አልታየሁም። ያለኝ ስሜ ብቻ ነው። ሰው ለድግሱ የሚጠራኝ «እሷ አታሳፍርም» ሲባል ሰምቶ ነው።

የዚያን ዕለት የተጠራነው ለመልስ ነበር። ሙሽሪት የወሰን ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ከፓርኩ ወረድ ብሎ ያለ አዳራሽ ይዘው ደግሰዋል። ሙሽሮቹ ካባቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የሙሽሪት ወገን በቀኝ፣ የሙሽራው ወገን በግራ ነው። ሁለቱ ወገኖች እምብዛም አይነጋገሩም። ገና ስላልተላመዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

የእኛን ሥራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እንግዳው «ተቀበል» ወይም «ተቀበይ» ብሎ ግጥም ይሰጠናል፤ እኛ በዜማ እንለዋለን። ግጥሙ የሰጪው ነው፤ የእኛ ድምፁ ብቻ ነው። ይህን በአገሩ የማያውቅ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጨዋታው ሞቅ እንዳለ ከግራ በኩል አንድ ሰውዬ ተነስተው መጡ። የሙሽራው አጎት ናቸው። በሱፋቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል፤ ሽበታቸው ያምራል። እንዲህ ያለ ሰው ተንኮል ያስባል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ተቀበይ፤ ለሙሽሪት ነው» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ይስጡኝ።»

ሰጡኝ፤ እኔም ተቀብዬ ዘፈንኩት፦

«ሁሉም ድንበር አለው፣ ኮተቤና የካ፣
የወሰን ልጅ ብቻ ወሰን የላት ለካ።»

እውነቴን ነው፣ ግጥሙ ደስ አለኝ። ውበቷ ወሰን የለውም ማለታቸው መሰለኝ። የሰፈሯን ስም ከውበቷ ጋር እንዴት አድርገው ገጠሙት ብዬ አደነቅኳቸው። ስለዚህ ደገምኩት። «ወሰን የላት ለካ» የሚለውን እያስረዘምኩ፣ አንገቴን እየሰበቅኩ ደገምኩት።

የግራው ወገን በሳቅ አውካካ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። የቀኙ ወገን ማጨብጨቡን አቆመ፤ ሙሽሪት አንገቷን ደፋች። ታደገ የሰዉን ፊት አይቶ ማሲንቆውን አቆመና «ኧረ ተይ፣ ልጅቷን እየሰደብሻት ነው!» አለኝ።

ለካ ሙሽሪት ከዚህ በፊት ታጭታ ነገሩ የፈረሰባት ኖሯል። የሙሽራው ዘመዶች «ልክ የላትም፣ ዋልጌ ናት» እያሉ ሲያሟት ከርመዋል። ይህን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። የማናውቀው እኔና ታደገ ብቻ ነን።

አባቷ ከመቀመጫቸው ተነስተው መጡ። «አንቺ! በእኔ ድግስ ላይ ልጄን ትሰድቢያለሽ? ማነው ይህን በይ ያለሽ?»

በእኛ ሙያ ግጥም ሰጪን አሳልፎ መስጠት ነውር ነው። ሰውዬውን አየኋቸው። ተነስተው «እኔ ነኝ፤ ውበቷን ማድነቄ ነው» ቢሉ ነገሩ በጨዋታ ያልፍ ነበር። እሳቸው ቁርጣቸውን ያላምጣሉ። ልጅቷ በካባዋ ጠርዝ እንባዋን ስትጠርግ ሳይ አልቻልኩም።

«እኚህ ጋሼ ናቸው የሰጡኝ» አልኩ።

«እኔ?» አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እኔ እኮ ‘ትዝታ ዝፈኚልን’ ነው ያልኳት። የአዝማሪ አፍ ደግሞ መቼ ይታመናል!»

እንዲህ ያለ ውሸት ሽበት ካለው ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ከሁሉ የቆጨኝ ግን የአባቷ ነገር ነው። ሰውዬው እንደዋሹ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸው ላይ አይቻለሁ። ግን አማች ናቸው፣ እንዴት ይናገሯቸው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ወደ እኔ ዞረው «ዕቃችሁን ያዙና ውጡልኝ» አሉ።

ታደገ ማሲንቆውን መጠቅለል ጀመረ። እኔም ነጠላዬን ሳነሳ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ሙሽሪት ናት።

«አባዬ፣ አንዴ ቆይ» አለች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ተቀበይ!» አለችኝ።

«ወሰን ላይ ተወልጄ ወሰን መቼ አጣሁ፣
ወሰን የሌለው ቤት ዛሬ ገና መጣሁ።»

ተቀበልኳት! ዕድሜዬን ሙሉ ስዘፍን እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። የቀኙ ወገን በእልልታ ተነሳ። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ሙሽራው ራሱ ነው። አጎትየው ኮፍያቸውን ፈልገው ወጡ። አባትየውም ግንባሬን ስመው ይቅርታ ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። በማግስቱ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣ። ቲክቶክ ላይ እኔ የመጀመሪያውን ግጥም አንገቴን እየሰበቅኩ ስዘፍን፣ ሙሽሪት አንገቷን ስትደፋ ይታያል። «አዝማሪዋ ሙሽሪትን አዋረደቻት» የሚል ተጽፎበታል። የሙሽሪት መልስ ተቆርጦ ወጥቷል። የተቀረጸው ከግራ በኩል ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከዚያ ስልኬ መጮህ ጀመረ። «ይቅርታ እትዬ፣ የባሌ ዘመዶች ቪዲዮውን አይተው እሷ እንዳትመጣ ብለዋል» ያለችኝ ሴት አለች። ሌላው ምክንያት እንኳ ሳይነግረኝ ሰረዘ። የሰርጉ ወቅት እኔን ቤት አስቀምጦኝ አለፈ። ሙሽሪት እግዜር ይስጣት፣ እውነቱን ጽፋ ለጥፋለች። ግን ማን ያነባል? ሰው ስድብ ማየት ነው የሚወደው።

«ይቅር በያቸው» የሚሉኝ አሉ። ይቅር በይኝ ያላሉኝን ሰው እንዴት ብዬ ይቅር እላለሁ? አልልም። በሬን አንኳኩተው «ግጥሙ የእኔ ነበር» ይበሉ፤ ያን ጊዜ አስብበታለሁ።

አሁን ሥራው ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። አንድ ነገር ግን ቀይሬያለሁ። ማንም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ተቀበይ» ሲለኝ ማይኩን አፉ ላይ እደቅንበታለሁ። «እዚህ ላይ ይበሉት፣ ሁሉም ይስማዎት» እላለሁ። ታደገ ጨዋታ ይገድላል እያለ ይቆጣኛል። ይግደል! ስቀው በማይኩ የሚናገሩ አሉ፤ እነሱን ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ። ግጥማቸውን ውጠው ወደ ወንበራቸው የሚመለሱት ግን ይበዛሉ።