ደራሽ ሲመጣ ዝም ያለ ክፍል

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ቆቦ ስመለስ በጂኦግራፊ ያገኘሁት ውጤት ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ ነበር። የቀበሌያችን የበጎ ፈቃድ አስተባባሪ «ለልጆቹ ስለ ወቅቶችና ስለ ዝግጅት የሚያስተምር አለ?» ሲል፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እጄን አነሳሁ። ሊቀድመኝ ያሰበም አልነበረም።

በትልልቅ ወረቀት ወቅቶቹን ሳልኩ። ለክረምቱ ጥቁር ደመናና ጃንጥላ አደረግኩለት። ከፊት የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ በጋው ነው?» አለኝ። እኛ ዘንድ ጃንጥላ የሚያዘው ለፀሐይ ነው። እኔም አውቃለሁ፤ እዚያው ተወልጄ ነው ያደግኩት። ግን መጽሐፉ ላይ ጃንጥላው ከዝናብ ጋር ስለነበር መጽሐፉን አመንኩ።

በእኛ ቆላ ዋናው ውሃ ከላያችን ካለው ሰማይ አይመጣም። ዝናቡ ከምዕራብ ያለው ደጋ ላይ ይወርድና፣ እኛ ፀሐይ እየጠበሰን ሳለ ደረቁ አሸዋማ ወንዝ ድንገት ይሞላል። ደራሽ ይባላል። ደራሽ ሰውም ከብትም ይወስዳል፤ ማሽላችንን የሚያጠጣውም እሱው ነው። ገበሬው በቅርንጫፍና በአፈር ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ተራውን የሚያዝዘው የውሃ አባት ነው። ውሃው ሲደርስ ማሳው አፍ ላይ ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፈዋል፤ ይግባኝ የለውም። ስለዚህ ቀድሞ የሰማ «ደራሽ!» ብሎ ይጮሃል፤ ቀጥሎ ያለው ይቀበለዋል፤ ድምፁ ከውሃው ቀድሞ ታች ይደርሳል። ስልክማ አለ፤ የአባቴ ግን ብዙውን ጊዜ ከተማ ቻርጅ ላይ ነው።

የአባቴ ማሳ ደግሞ ከሁሉም በታች ነው። በዚያ ሐምሌ ማሽላው ጉልበት ላይ ደርሶ ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። «አንድ ውሃ ብቻ» ይል ነበር አባቴ፤ «አንድ ውሃ ካገኘ ይወጣዋል።»

ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ጎርፍን ከማስታወሻዬ ውስጥ «አደጋዎች» ከሚለው ርዕስ ሥር አገኘሁት፤ እዚያው ሥር አስተማርኩት። ፊሽካ ሲነፋ ከወንዙ ወጥቶ ጉብታው ላይ መሰለፍና ዝም ማለት። ዝምታውን በቀይ ጻፍኩት፤ ጩኸት ድንጋጤን ያባብሳልና።

ማሳቸው ከወንዙ አጠገብ የሆነ አንዲት አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዝም ካልን ማን ይጮሃል?»

«ጥያቄ በመጨረሻ፣ የኔ ቆንጆ።»

በመጨረሻ ግን ፎቶ በማንሳት ተጠመድኩ።

ወላጆች በተጋበዙበት ቀን ልጆቹ እንደ መርፌ ክር ተሰልፈው ቆሙ። መጀመሪያ ያጨበጨበው አባቴ ነበር።

«እዩዋት ልጄን! እኔ አንዲት ፍየል ዝም ማሰኘት አቅቶኛል!»

የውሃ አባቱ ጢማቸውን እየዳሰሱ «ማሻአላህ፣ ሰልፉስ አምሯል» አሉ። የቀረውን አልጠየቅኳቸውም፤ ሙገሳው በቅቶኝ ነበር።

በሳምንቱ፣ ወንዙ ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር እያስተማርኩ፣ ከላይ በኩል ጭነት መኪና ድንጋይ የሚያራግፍ የመሰለ ድምፅ መጣ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፊሽካዬን ነፋሁ። ልጆቹ ሮጡ፤ ተሰለፉ፤ ዝም አሉ። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አንድ፣ ሙሉ። ከሥራችን ቡናማው ውሃ ግንድ እያንከባለለ ሲያልፍ፣ ከላይ ያለ ገበሬ «ደራሽ! ደራሽ!» እያለ የሚቀበለው ይጠብቅ ነበር። ልጆቹ አዩኝ። ያቺ ልጅ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

ቆይቶ የውሃ አባቱ እስከ ጭናቸው ጭቃ ሆነው መጡ።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ሁሉም ደህና ናቸው፣ አባባ!»

«አልሃምዱሊላህ። ጩኸቱስ? ከዚህ የምታስተላልፈው ይህች ልጅ አልነበረች? ታች ማንም አልሰማ። ውሃው የአባትሽን ማሳ አልፎ አሸዋ ገባ።»

«ቲቸር ናት ዝም በሉ ያለችን!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። በደንብ ይዘውታል።

አባቴን ቦዩ ዳር አካፋውን ተደግፎ አገኘሁት። ቦዩ እርጥብ ነው፤ ማሳው ደረቅ።

«ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው» አለኝ። «ክረምቱን ሙሉ ጆሮዬን ቀስሬ ስጠብቅ፣ እንደዛሬው ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ደንቡን ለማሻሻል አዲስ ወረቀትና ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። ያቺ ልጅ ማስመሪያውን አይታ «መጀመሪያ እንወጣለን፤ ከወጣን በኋላ እንጮሃለን። ሌላ ምን አለው?» አለችኝ። ሌላ አልነበረውም። ተለማመድን። እኔም እንድሞክር አዘዙኝና፣ ክፍል ውስጥ ጽሑፍ በማቀርብበት ድምፅ «ደራሽ» አልኩ።

«ቲቸር፣ ይሄ ለማን ነው?» አለ አንዱ። «ለጎንሽ ላለው ነው?»

ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። በየማለዳው ወደ ደጋው አያለሁ፤ አባቴ ቅጠል ቀጥፎ በጣቱ ያሽና ይጥላል። በአሥረኛው ቀን ከሰዓት ድምፁ መጣ። ልጆቹ ወጡ፤ ከወጡም በኋላ ጩኸታቸው ጆሮዬን አደነቆረው። ወደ ታች ሮጥኩ፤ ጩኸቱ ግን ቀድሞኝ ደርሶ አባቴ የማሳውን አፍ ከፍቶ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል።

የዚያን ቀን ደራሽ ትንሽ ነበር። በአካፋ ጭቃ እየገፋን፣ እየመራን፣ ከማሳው እኩሌታ በላይ አልሄደልንም።

«ግማሹ ይበቃን ይሆን?»

«ግማሽ ግማሽ ነው» አለ አባቴ። «አካፋሽን ቀና አድርጊ፤ በእግርሽ ሥር እያመለጠ ነው።»

የማሳው የላይኛው ግማሽ ሰንብቶ ቀና አለ። የታችኛው አላፈራም፤ ለከብት መኖ ታጨደ። ማንም ሳያዘኝ ማጭድ ይዤ ሄድኩ፤ የታጨደውንም እየተሸከምኩ አመላለስኩ። አባቴ ከሸክሜ አንዱን እቅፍ አንስቶ ለላሟ ጣለላትና ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

«ብዪ እንግዲህ» አላት። «ልጄ የላከችልሽ ነው።»