የአሥራ ስምንት ቤት ቅርጫ

ይህ ነገር መነገር ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ የተጣላም የለም። ትናንት ግን መምህራችን በቤተ ሙከራ ውስጥ ለእኛ ለአንደኛ ዓመት የሥነ ምድር ተማሪዎች ጀሶ በውኃ ሲበጠብጡ ያ እርጥብ የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታውና እጄ ሥራ ፈታ። አጠገቤ የቆመችው ልጅ “ምን ሆንሽ?” አለችኝ። “ምንም” አልኳት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ቆቦ ውስጥ አሥረኛ ክፍል እማር ነበር። የእናቴ ወንድም የሚኖረው ከዞብል ተራራ ሥር ባለች አሥራ ስምንት ቤት ብቻ ባላት መንደር ነው። አንድ ቀን ለአጥር የሚሆን ድንጋይ ከፈፋው ውስጥ ሲፈነቅል ነጩ ቋጥኝ ለሁለት ተከፈለና በውስጡ የተጋደመ አጥንት ታየ። እኔ በደብተሬ ላይ ሥዬ ለባዮሎጂ መምህራችን ሰጠሁ፤ እርሳቸውም ወደ አዲስ አበባ ላኩት። በግንቦት አንድ ተመራማሪ መጡ።

ፀሐዩ ነጩ ድንጋይ ላይ አርፎ ዓይን ይወጋ ነበር። ተመራማሪው ተንበርክከው በብሩሽ እየጠረጉ “ጻፊ” ይሉኝ ነበር። የአከርካሪው አጥንት በሁለቱም በኩል ጎድጎድ ያለ። ጥርሱ ሾጣጣ። እጁ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ። ሊሰበር የደረሰውን አንድ ጎድን በጀሶ ለበጡት። ከዚያ ተነሥተው “ገበሎ አስተኔ ነው፤ በዳይኖሰር ዘመን ይህ አገር ባሕር ሳለ ይዋኝ የነበረ” አሉ።

አጎቴ ሳቀ። “ባሕር? እኛ ለከብት የምናጠጣው አጥተን?”

“ከማውቃቸው ጋር አይመሳሰልም” አሉ ተመራማሪው። “እንደተኛ ከተነሣ አዲስ ስም ይወጣለታል።”

ከክረምት በኋላ ሠራተኛና መሣሪያ ይዘው እንደሚመለሱ ነግረውን ሄዱ። ለመንደሩ እንዳስተላልፍ ሁለት ነገር አደራ አሉኝ። አንዱ፣ አንድም አጥንት እንዳይጠፋ። ሁለተኛው፣ ጎርፍ ቢያሰጋና ማንሣት ግድ ቢሆን፣ የቱ ከየቱ አጠገብ እንደነበር ሳይሣል እንዳይነካ።

የመጀመሪያውን ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ግን አልነገርኳቸውም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ በሽማግሌዎች ፊት “እንዳትነኩ” ማለት ከበደኝ። በእርሱ ፈንታ ደስ እንዲላቸው ብዬ ከራሴ ጨመርኩ፤ “የሁላችሁም ነው” አልኳቸው።

በሐምሌ ዝናቡ በረታ። ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ሲያጓራ ቆቦ ሆኜ እሰማው ነበር። ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ ተቆርጦ ስለነበር ማድረግ የምችለው አንድም ነገር አልነበረም። ያልነገርኩትን ነገር እያሰብኩ በመስኮት አያለሁ፤ ይኸው ነው።

በጥቅምት ከተመራማሪው ጋር ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ግራሩ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። የደረሰ የማሽላ ሽታ አየሩን ሞልቶት ነበር። አጎቴ ገና ከሩቅ “አንድ አልጠፋም!” እያለ ጮኸ።

ቅርጫ ሲቀረጥ መደብ የሚደለድሉት ሽማግሌ ብድግ አሉ። “ሰማዩ የጠቆረ ቀን አወጣነው። ልጅቱ የሁላችሁም ነው ብላለች፤ የሁሉ የሆነ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ደግሞ እኛ እናውቃለን። አሥራ ስምንት መደብ አደረግነው። ከአንገቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጭራውም ለሁሉም ደርሷል። ረጅሙን በመጥረቢያ እኩል አድርገናል። ጭንቅላቱም ለአንድ ሰው አይገባም ብለን ከፋፍለነዋል። ዕጣ የጣለልን የማንን ምልክት እንደያዘ የማያውቅ ሕፃን ነው።”

አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ አዛውንት ከጎናቸው ሳቁ። “ያረደው የለም፣ ቢላ አልነካው። ይኸው በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅርጫ ገባን!”

“ገብተንስ?” አሉ መዳቢው። “ካንተ ጋር ብቀርጥ አጥንት ብቻ ደረሰኝ!”

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ከዚያ እየተነሡ ድርሻቸውን አመጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ነበር፤ በማዳበሪያ ጆንያ የታሰረ ነበር፤ አንዲት እናት ሰፌድ ላይ አድርገው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነውት መጡ። ተመራማሪው የመጀመሪያውን ፈቱ። አንድ የአንገት አጥንት፣ የጎድን ስባሪ፣ ሁለት ጥርስ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ሲደርሱ መፍታቱን ትተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

“የቱ ከየቱ አጠገብ እንደነበር የሚያስታውስ አለ?” አሉ በመጨረሻ።

መዳቢው ጥያቄው ገረማቸው። “ጌታዬ፣ ቅርጫ ውስጥ እኮ አጠገብ የሚባል የለም። ዋናው እኩል መሆኑ ነው።”

ተመራማሪው ወደ እኔ ዞር አሉ። “አልነገርሻቸውም?” አሉኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። አጎቴ ቀደመኝ፤ “ነግራናለች እንጂ! እሷ ባትነግረን ጎርፍ ወስዶት አልነበር?”

ተመራማሪው የፈቱትን መልሰው ጠቀለሉ። ከዚያ አሥራ ስምንቱንም ቤት አንድ በአንድ እጅ እየነሡ አመሰገኑ።

አሁን የምማረው መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያ ያልተናገርኩት ነገር በትልቁ ተጽፏል፤ ቅሪተ አካል ከቦታው ከተለየ ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል ይላል። ገጹን አልፌው ለመሄድ ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ተመራማሪው አጥንቱን በሣጥን ይዘው ሄደው ለመገጣጠም ደከሙ። አንዳንዴ ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር። አንዱ ላይ የአንገቱን አጥንቶች ቁጥር ማወቅ እንዳልቻሉ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ምናልባት የሁለት እንስሳ አጥንት ተቀላቅሎ ተኝቶ እንደነበር ጻፉ። አጎቴ በመጣ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ “ስሙ ወጣ?” ይለኛል። “ገና ነው አያ” እለዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። መንደሩ ድረስ ይዤው ሄጄ ለአጎቴና ለመዳቢው ሽማግሌ አነበብኩላቸው። የባሕር ገበሎ አስተኔ፤ ወገኑ ያልታወቀ፤ ከዚህ በላይ መለየት ስለማይቻል ጥናቱ ተዘግቷል ይላል።

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ ባይችሉም ለረጅም ጊዜ አዩት። “አሥራ ስምንት ቤት ውስጥ ከርሞ፣ ሁላችንም አቅፈነው፣ እንዴት ያልታወቀ ይባላል?”

አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፤ “ያጎደልነው ነገር አለ እንዴ? ካለ ንገሪን።”

ፊቱን አየሁት። ልናገር ብዬ ነበር።

“የለም አያ” አልኩት። “አንድም አላጎደላችሁም።”

ቀኑ ሰኔ 14 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር።