ወይዘሮ ጅምርና የዓርቡ ደብዳቤ

ባሏ «ወይዘሮ ጅምር» ይላታል። ሰውየው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ ስም አውጪ አይደለም፤ ይቺን አንዷን ስም ግን አልሳታትም። እቤታቸው ውስጥ ተጀምሮ ያላለቀ ሹራብ የሌለበት ቦታ ቢፈለግ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ስለሚረጥብ ነው። ከሶፋው ጀርባ የባልየው ግራጫ ሹራብ አለ፤ ሦስት ክረምት አልፎታል፣ እስካሁን ያለው አንድ እጅ ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ ለእህቷ ልጅ ሲወለድ የተጀመረች የሕፃን ብርድ ልብስ አለች፤ ልጁ ዛሬ ፊደል ጨርሶ ከአስተማሪው ጋር ይከራከራል። በር ሥር በፌስታል የተንጠለጠለው የአማቷ ሻርፕ ነው። አማትየው በመጡ ቁጥር ፌስታሉን ቀና ብለው አይተው፣ ነፍሴ ሳትወጣ አንገቴ ላይ ይደርስ ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ነጠላ ካልሲም አለ። ሰናፍጭ የመሰለ ቀለም ያለው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ምን ሊሆን እንደተጀመረ እሷም ረስታዋለች።

በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን የባሰው ጅምር የክር አልነበረም። ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ነጭ ወረቀት ነበር። አናቱ ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ ቃል ስለመስጠት» ይላል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። ይህ ወረቀት ተሞልቶ በነጋታው ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ እጅ ካልገባ፣ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የዓመቱ ፈተናዋ በሙሉ ተሰርዞ ክፍል ትደግማለች።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ሴትዮዋ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ በአንድ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። ያን ቀን የባዮሎጂ ፈተና እንድትጠብቅ ተመደበች። ፈተና መጠበቅ ማለት ሁለት ሰዓት ሙሉ አርባ አናት እያዩ መቀመጥ ነው፤ ይህን ደግሞ እጇ አይችለውም። ባለፈው ዓመት በፈተና ሰዓት ሹራብ ስትሠራ ተገኝታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። ሁለተኛ ከተገኘች ከከተማው ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት እንደምትዛወር እዚያው ላይ ተጽፏል። ቢሆንም ስንት ወር ከታገሠች በኋላ፣ ይቺማ ትንሽ ነገር ናት ብላ ራሷን አሳመነችና ያቺን ነጠላ ካልሲ በቦርሳዋ ይዛ ገባች። ከጠረጴዛው በታች ጭኗ ላይ አድርጋ ተረከዙን ያዘች። የካልሲ ተረከዝ ቆጠራ ነው፤ መርፌው ላይ ከተደረደሩት ቀለበቶች፣ እሷ «ዓይን» ከምትላቸው፣ አንዱን ያመለጠው ሰው መልሶ መፍታት ነው ዕጣው። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት እያለች በልቧ ስትቆጥር የክሩ ልቃቂት ከጭኗ ወርዶ ተንከባለለ።

ልቃቂቱ ሄዶ ሄዶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጠች ልጅ እግር ሥር ቆመ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ወደ መምህሯ ጠረጴዛ መልሳ ገፋችውና ቀና አለች። ያደረገችው ይኸው ነው። ግን ስታጎነብስ አንገቷ ወደ ጎረቤቷ ወረቀት ዘንበል ብሎ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የዕለቱ ተቆጣጣሪ የሒሳብ መምህሩ እያለፈ ነበር። ዘው ብሎ ገባ፣ ወረቀቷን ነጠቀ፣ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈበት። ከዚያ ወደ ፈታኟ ዞሮ፣ አንቺ አላየሽም ወይ አላት። እሷ በዚያች ሰዓት ልቃቂቱን በጫማዋ ረግጣ ቀሚሷ ሥር እየሸሸገችው ነበር። አላየሁም አለች። ልጅቷ ይህን ሁሉ አየች፤ መምህሯ እስክትናገር ጠበቀች፤ መምህሯ አልተናገረችም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ልጅቷን ጠርቶ ለምን እንዳጎነበሰች ጠየቃት። የወደቀ ዕቃ ልመልስ ነው አለች። ምን ዕቃ ቢሏት፣ «ቲቸር ያውቃሉ» ብላ ዝም አለች። ጎኗ የተቀመጠው ልጅ ለራሱ ፈርቶ፣ እኔ የራሴን ስሠራ ነበር ብሎ ወጣ። እንግዲያው መምህርቷ የሚያውቁትን በጽሑፍ ያቅርቡ ተባለና አሥር ቀን ተሰጣት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷ ዝምታ ግን በሁለተኛው ቀን ነው መንቀዝ የጀመረው። የመምህራን ማረፊያው በር በተከፈተ ቁጥር ደንግጣ ቀና ትላለች። ለልጅቷ ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን ታስተምራለች፤ ሦስቱንም ቀን ጀርባዋን ለተማሪ ሰጥታ ካርታ ስትስል ከረመች። ቢቆጧት፣ ቢያኮርፏት ይሻላት ነበር። ልጅቷ ግን አታኮርፍም፤ ደብተሯን ገልጣ ትጽፋለች፣ አንዳንዴም ቀና ብላ ታያታለች። አስተያየቷ አሁንም የምትጠብቅ ሰው አስተያየት ነው፤ መምህርቷን እንቅልፍ የነሳት እሱ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ክፍል አልነበራትም። ዛሬ እጽፈዋለሁ ብላ ወረቀቱን ዘረጋች፣ እስክሪብቶውን ሞከረች፣ ቀኑን ጻፈች። ከዚያ ሐሳቧ ወደ ግራጫው ሹራብ ሄደ። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ ብጨርስ ልቤ ይረጋልኛል፣ ከዚያ በተረጋጋ ልብ እጽፋለሁ አለች። አይ የሰው ብልጠት! ከራሱ ለመሸሽ ሲሆን ስንቱን ምክንያት ያገኛል።

የግራጫው እጅ የሚሠራው በቁጥር አራት መርፌ ነው። ቁጥር አራት ደግሞ የሕፃኑ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል፤ አንድ ጊዜ ቸኩላ ከግራጫው ተበድራ ነው። እሱን ለማስለቀቅ የብርድ ልብሱን ዓይኖች ቁጥር አምስት ላይ ማዛወር ይኖርባታል። ቁጥር አምስት ያለው አማቷ ሻርፕ ውስጥ ነው። ሻርፑን ከፌስታሉ አወረደች፣ ዓይኖቹን አንድ በአንድ ወፍራም ክር ላይ ሰካች፣ መርፌውን ነፃ አወጣች። ወደ ብርድ ልብሱ ስትመለስ ደግሞ ከመሃሉ አንድ ያመለጠ ዓይን ታያት። ይህን እያየሁ አልፈውም ብላ አርባ መስመር ፈታች። እጇ ይፈታል፣ ልቧ «አራት ሰዓት፣ አራት ሰዓት» ይላል። መስኮቱ ሲጨላልም ሶፋውም ወለሉም በክር ተሞልቶ ነበር። መርፌዎቿ በሙሉ ነፃ ወጥተዋል፤ ግራጫው ሹራብ ላይ ግን አንዲት መስመር አልተጨመረችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ባልየው ከሥራ ገብቶ የሚቀመጥበት አጥቶ እበሩ ላይ ቆመ። አልሳቀባትም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አየና ምን እንዲጻፍበት እንደሆነ ጠየቃት። እሷም አንድ ተማሪ ቀድታለች ተብሎ ያየሁትን እንድጽፍ ነው፣ የተሰጠኝ አሥር ቀን ነገ ያልቃል አለችው፤ ከዚያ በላይ አልነገረችውም።

«ታዲያ ምን አየሽ?» አላት።

«ምንም አላየሁም።»

ሰውየው ሻርፑን በጥንቃቄ አንስቶ ቦታ አበጀና ተቀመጠ። «አላየሁም ብሎ ለመጻፍ ነው አሥር ቀን?» አለ። ክፉ ነገር ለመናገር አልነበረም፤ የምሩን ገርሞት ነው የጠየቀው። እሷ ግን ራት አሞቃለሁ ብላ ተነሳች። ማታ ጎኑ ተጋድማ ጣሪያውን ስታይ ያቺው ጥያቄ ትመላለስባት ነበር።

ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምራ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ፣ ተማሪዋ ስትቀዳ አላየሁም ብላ ጻፈች። እውነት ነው፤ ግን ያን ቀን ለሒሳብ መምህሩ ከተናገረችው በምንም አይለይም፣ ልጅቷንም አያድንም። ቀደደችው። የወደቀ ማስመሪያ ነበር ብላ ጀመረች። የማን ማስመሪያ ቢሏትስ? ልጅቷን ጠርተው ቢጠይቋትስ? እሱንም ቀደደች። ሦስት ሰዓት አለፈ። እጇ ሳታዝዘው ወደ ሰናፍጩ ክር ሲሄድ አየችውና ደነገጠች፤ ክሩን አንስታ መኝታ ቤት ወረወረችው፣ በሩንም ዘጋችበት። ሦስት ተኩል ላይ ቆማ፣ ኮቷን ለብሳ፣ አምስት መስመር ጻፈች። በፈተና ሰዓት ካልሲ እየሠራሁ ነበር። ልቃቂቴ ወደቀ። ልጅቷ መለሰችልኝ። እኔ በእግሬ ሸሸግሁት። ልጅቷ አልቀዳችም። ፈረመችና ወጣች። አሥር ቀን የፈጀው ነገር አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም።

የምትሳፈርበት አውቶቡስ ጢም ብሎ አለፋት። ሁለተኛው ዘገየ። ከፌርማታው እስከ ትምህርት ቤቱ በር በሩጫ ነው የሄደችው፤ በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ ተረከዝ ባለው ጫማ፣ ተማሪ እያያት። ስብሰባው የሚደረግበት ቤተ መጻሕፍት ስትደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል። ተመስገን ደረስኩ አለች በልቧ። በሩን ስትከፍት ግን ሰዎቹ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

ምክትሉ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጨዋ ሰው ነው። ነገሩ አልቋል አላት። ልጅቷ ከእናቷ ጋር በሦስት ሰዓት መጥታ፣ «ቀድቻለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ» ብላ ጽፋ ፈርማለች። ጥፋቱን ያመነ ተማሪ በዚያ ትምህርት ብቻ ዜሮ ይሰጠዋል እንጂ ክፍል አይደግምም፤ ስለዚህ ኮሚቴውም ቶሎ ጨረሰ። መምህርቷ ደብዳቤዋን ዘረጋችለት። ቆሞ አነበበው፣ ፈገግ አለ፣ መልሶ አጠፈው።

«እርስዎ ሩኅሩኅ ሰው ነዎት» አላት። «አዝነውላት እንደጻፉት ገብቶኛል። ልጅቷ ግን ራሷ አምናለች።»

«አላዘንኩላትም» አለች መምህርቷ። «ባዝንላትማ አሥር ቀን ባልቆየሁ።»

እሷም አንዴ ከጀመረች በኋላ አላቆመችም፤ ባለፈው ዓመት የተጻፈባትን ማስጠንቀቂያ ከፋይሏ አውጥተው እንዲያዩት ነገረቻቸው፣ ዝም ያለችውም ለእሱ ፈርታ እንደሆነ ተናገረች። የሒሳብ መምህሩ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ሲያዳምጥ ቆየና፣ ለዚህ ነው ለካ ከወንበርሽ ያልተነሳሽው አለ። ፈታኝ ሁሉ ተቆጣጣሪ ሲገባ ይነሳል፤ የእሷ አለመነሳት ያን ቀንም ገርሞት ነበር። ምክትሉ ፈገግታው ጠፋ። የልጅቷ ዜሮ እንደሚነሳ፣ ወረቀቷም ታርሞ ውጤቷ እንደሚሰጣት ቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፈ። የእርስዎ ጉዳይ ሰኞ ይታያል፣ ምን ሊከተል እንደሚችል መቼም ያውቃሉ አላት። አውቃለሁ አለችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረችበት ግቢ በመስኮቱ ይታያል፤ ቀና ብላ አላየችውም።

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ልጅቷና እናቷ ተቀምጠው ነበር። እናትየው ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ ከሥራ አስፈቅዳ ስለመጣች የሥራ ገዋኗን እንኳን አላወለቀችም። መምህርቷን ደብዳቤ ይዛ እየሮጠች ስትገባ አይታታለች፣ ለልጄ ልትለምን ነው ብላም አስባለች። ብድግ ብላ ውሃና ሳሙና በሰነጠቀው እጇ የመምህርቷን እጅ ያዘች። ልትስመው ጎንበስ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። «ይቺ ባለጌ የቲቸር ክር ነው እያለች ስምዎን ልታጠፋ ነበር፤ እርስዎ ግን አልጨከኑባትም። ጌታ ውለታዎን ይክፈል።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ አየሽ፣ ያሳፈርሻቸው መምህር ናቸው እንዲህ የሚሮጡልሽ አለቻት። ልጅቷ የጫማዋን ማሰሪያ ታያለች።

መምህርቷ እጇን አላስለቀቀችም። አመሰግናለሁ ብላ ማለፍም ትችል ነበር፤ ነገሩ ተስተካክሏል፣ ልጅቷም ውጤቷን ታገኛለች። ሰውነቷ ሁሉ ወደ መውጫው ነበር የሚጎትታት።

«ልጅዎ አልቀዳችም» አለች። «የወደቀው ክር የኔ ነው። እሷ አንስታ መለሰችልኝ። ሰው ሁሉ ሲጠይቃት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናትየው የሰማችው ነገር እስኪገባት ድረስ ፊቷ ላይ ምስጋናው እንዳለ ነበር። ከዚያ የመምህርቷን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች። ልጅቷ ቀና አለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ያየችው መምህሯን ሳይሆን እናቷን ነበር።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ» አለች።

እናትየው ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ልጇን ልትነካት እጇን ዘረጋችና መልሳ ጭኗ ላይ አደረገችው። መምህርቷም እዚያው ቆማ ቀረች።