ሁለት ጨዋታ ብቻ የተሰለፉት በረኛ

ቅዳሜ ቅዳሜ ዴንቨር አጠገብ ሴንቴኒያል ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ እቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ቅዳሜ መሆኑ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንግልውድ የሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ከርሜ፣ ወገቤ «ተወኝ» እያለኝ፣ በማለዳ ከቤቴ ከፒዮሪያ ስትሪት ተነስቼ እነዳለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ እንደሚኬድ አንድዬ ይወቀው።

የሽማግሌው ዓይን ደክሟል፤ ፊታቸው የቆመን ሰው እንደ ጥላ ነው የሚያዩት። ጭንቅላታቸው ግን ምላጭ ነው። ስለዚህ ቁርሳቸውን አቅርቤ፣ ጢማቸውን ላጭቼ፣ የክለባቸውን ውጤት ከስልኬ አነብላቸዋለሁ። የዴንቨር ጠዋት የእንግሊዝ ከሰዓት ስለሆነ እኛ ስንጨርስ ጨዋታውም ያልቃል።

ክለቡን ማንም አያውቀውም። እኔ እንደ ሰፈሬ ልጆች ሁሉ ዋንጫ የለመደ ትልቅ ክለብ ስደግፍ ነው ያደግኩት። የእሳቸው ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት፣ ከታችኛው ዲቪዚዮን ወደባሰው ታች ሲወርድ የኖረ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ወሬው ይሰለቸኝ ነበር። አንድ ትልቅ ክለብ ከዋንጫ ውድድር ያስወጡበትን ቀን ሃያ ጊዜ ነግረውኛል። የእንጨቱ ትሪቡን ተቃጥሎ ደጋፊው መዶሻና ሚስማር ይዞ መጥቶ መልሶ የሠራበትንም እንደዚያው። ታሪኩ ከየትም ይጀምር፣ የሚያልቀው አባታቸው ጋ ነው። አባትየው ፋብሪካው ውስጥ ሸማኔ ነበሩ፤ በረኛው ሲጎዳ ተጠርተው ሁለት ጊዜ ተሰልፈዋል። «ሁለት ጨዋታ ብቻ» ይላሉ፣ ሁለት ጣታቸውን አውጥተው። «አንዱን ተሸነፍን፣ አንዱን አቻ ወጣን።» አባታቸው በሕይወታቸው በሰው ፊት ስማቸው የተጠራው በእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ ነው።

በረዶ በበዛበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ በምሳ ዕረፍቴ ስልኬን ስከፍት ዜናው ክለቡ ፈርሷል ይላል። ባለቤቱ ሜዳውን ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ሸጦታል። ከሥሩ ሌላ ማስታወቂያ አለ፤ ከነገ በስቲያ ቅዳሜ፣ ጨዋታ በሚጀመርበት ሰዓት፣ ደጋፊው ሜዳው በር ላይ ተሰብስቦ ለክለቡ የተጫወተውን ሁሉ ስም በስም ይጠራል። ሩቅ ያለ ሰው በስልክ መስማት ይችላል።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ብቻቸውን ናቸው?» አለችኝ።

«ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው ያለችው። በወሩ መጨረሻ ትመጣለች።»

«እንግዲያው እስክትመጣ ሆድ ይፍጀው። ፕሬዠር አለባቸው አላልከኝም? ብቻውን ላለ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ?»

ልክ ናት አልኩ። ያደግንበት ነው፤ መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው በር የሚንኳኳው። ይህን ስል ግን የራሴን ረስቼው አልነበረም። አባቴ የሞተ ጊዜ አገር ቤት ያለችው ታላቅ እህቴ ወር ሙሉ ደብቃኛለች። በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል፣ ደክሞት ነው» ትለኝ ነበር። አንድ እሑድ ማለዳ በሬን ስከፍት ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመዋል። እህቴን «ሐዘኑ የእኔ ነበር» አልኳት፤ ከዚያ ወዲህ ለዓመት በዓል ካልሆነ አልደውልላትም። ይሄ ግን ኳስ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። «ዛሬስ?» አሉኝ።

«ሜዳው በረዶ ይዞት ጨዋታው ተራዝሟል።»

ምላጩን እያጠብኩ ሰዓቴን አየሁ። እዚያ በር ላይ ስም መጥራት ጀምረዋል፤ የአባታቸውም ስም ከመሃል እንዳለ አውቃለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። «የእኛ ሜዳ ድሮም አይሆንለትም» ብለው ሳቁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ለአንድ አቻ ወጣችሁ አልኳቸው። ማን አገባ ሲሉኝ ለሌለ ልጅ ስም ፈጠርኩ። ደስ አላቸው፤ «አዲስ ልጅ መሆን አለበት» አሉ። ያን ቀን ወደ ቤት ስነዳ ከሳምንቱ ሥራ ሁሉ የበለጠ ደክሞኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ የሽማግሌው ልጅ በዚህ ወር አልመጣም ብላ ደወለችልኝ። ሌላ የምጠብቀው ሰው አልነበረኝምና በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በፊት፣ ነጠላዋን የለበሰች ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሽማግሌው የሁለት ሰው ኮቴ ሰምተዋል።

«ማን ሞተ?» አሉ።

እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም።

«ጎል ያገባው ልጅስ?»

«የለም» አልኩ። አፈርኩ።

«ሌላስ ምን የደበቅከኝ አለ?»

ስለ ስም መጥራቱ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከእጄ አወጡ።

«የአባቴን ስም ጠሩ?»

«አላውቅም። አልሰማሁም።»

«ሰዓቱን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ጢምዎን እየላጨሁ ነበር።»

ባለቤቴ በምትችለው እንግሊዝኛ፣ በአገራችን ወግ እንዲህ ነው፣ ለእርስዎ አዝነን ነው አለቻቸው። «ማዘናችሁንማ አውቃለሁ» አሏት። ዝርዝሩ ተጽፎ ይገኛል፣ ላንብብልዎት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማንበብማ ማንም ያነባል። ሰው ተሰብስቦ ሲጠራው ልሰማ እችል ነበር። አሁን ያ በር የለም።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «የእኔ ነበር እኮ» አሉ።

ባለቤቴን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አወረድኳትና መኪናውን ፓርክ አድርጌ እዚያው ቀረሁ። ሁለት ቅዳሜ ዋሽቼ እንዲህ ከደከመኝ፣ እህቴ ጥቁር ለብሳ ወር ሙሉ «ተኝቷል» ስትለኝ እንዴት ሆና ነበር? ይህን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ደወልኩ። በዓል አልነበረምና ደነገጠች።

«ምነው? ማን ምን ሆነ?»

«ማንም ምንም አልሆነም። የአባዬን ቀብር ንገሪኝ። ማን ማን እንደመጣ፣ ስም በስም።»

ስታለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ከግድግዳ ጎረቤታችን ጀመረች።